ባለፊደሉ ጊታር

ጋሽ ነስሩ መሞታቸውን የሰማሁት ሠርግ ላይ ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት የድሮ የመርካቶ ጎረቤቴ ሆና ተገኘች። ስለዚህም ስለዚያም ስንጨዋወት ቆየንና ከሳህኗ ላይ ሥጋ እየቆረጠች፣ «ጋሽ ነስሩ እኮ አረፉ፤ አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ። ከፊታችን አንድ ጎረምሳ የሚያብለጨልጭ ጥቁር የኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ ይጫወታል። ዓይኔ እሱ ላይ እንደተተከለ፣ ጋሽ ነስሩ ቢያዩት «ይኼ ልጅ ጊታሩን የገዛው ከሬሳ ሣጥን ሠሪ ነው?» የሚሉ መሰለኝና እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጡ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችኝ። ላስረዳት ፈልጌ ነበር፤ ሙዚቃው አላስወራንም። ለእሷ ያልነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ጊዜው የንጉሡ ጊዜ ነው። እኔ ከጎጃም መጥቼ ከአክስቴ ጋር ጭድ ተራ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ቀጥሎ ያለው ክፍል የጋሽ ነስሩ የእንጨት ሥራ ነው። በመካከላችን ያለው ግድግዳ የሣንቃ ስለነበር ሰጋቱራቸው በየስንጥቁ እየሾለከ እኔ ጋ ይገባል። ነጭ ጨርቅ የምሰፋ ቀን ግድግዳውን አንኳኳና «ጋሼ፣ ዛሬ ነጭ ነው» እላለሁ። እሳቸውም መጋዛቸውን አስቀምጠው ኮላ ወደ መለጠፍ ይዞራሉ። ለዓመታት የኖርነው እንዲህ ነው፤ አንድም ቀን አልተጣላንም።

ከስልጤ አገር የመጡ አጭር፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ነበሩ። ከነጭ ቆባቸው ሥር፣ ከጆሯቸው ላይ፣ አንዲት እርሳስ አትጠፋም። ሙያቸው አልጋና የሙሽራ ሣጥን መሥራት ነው። እንጨት ሲገዙ ታዲያ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የጣውላውን ጫፍ በጥርሳቸው ነከስ አድርገው ሌላውን ጫፍ በጣታቸው ያንኳኳሉ። ድምፁ በጥርሳቸው አልፎ ወደ ጭንቅላታቸው ሲገባ እንጨቱ ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ ስንጥቅ ይኑረው አይኑረው ያውቃሉ። እንጨት ሻጮቹ «ጋሽ ነስሩ፣ ዛሬም ቁርስ አልበሉም?» ይሏቸዋል። እሳቸው ግን እንጨቱን ሳይለቁ በእጃቸው «ቆይ» ይላሉ።

ከጊታር ጋር ያስተዋወቃቸው ታደለ የሚባል ሙዚቀኛ ነው። ረዥም ነው፤ በዚያ ላይ አፍሮውን አጎፍሮ በበራችን ሲገባ ጎንበስ ይላል። አንድ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ይጫወት ነበር። ከውጭ አገር የመጣ የኤሌክትሪክ ጊታሩ አንገቱ ተሰብሮበት «እንጨት አይደል፣ ይጠግኑልኝ» ብሎ ይዞላቸው መጣ። እኔም ሥራዬን ትቼ ለማየት ወጣሁ። ጋሽ ነስሩ ጊታሩን አገላበጡት፤ በጥርሳቸው ነክሰው አንኳኩት።

«ሆዱ የታለ?» አሉት።

«የለውም፣ ጋሼ። የኤሌክትሪክ ነው።»

«ሆድ ከሌለው ድምፁ ከየት ነው የሚወጣው?»

ታደለ ከጊታሩ ክሮች ሥር የተቀበረውን ማግኔት አሳያቸው። ክሩ ሲርገበገብ ማግኔቱ ይሰማዋል፣ ከዚያ በሽቦ ወደ ድምፅ ማጉያው ይሄዳል ብሎ አስረዳቸው። ጋሽ ነስሩ ጊታሩን አንድ ጊዜ እንደገና አንኳኩና፣

«እንግዲህ ይኼ ሣንቃ ነዋ» አሉ። «ሆድ ለሌለው ነገር ወገብ ምን ያደርግለታል?»

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚህች ጥያቄ ነው። እውነታቸውን ነበር። ክራርም ሆነ የቀድሞው ጊታር ሆድ ያለው ድምፁ እዚያ ስለሚያስተጋባ ነው። ይኼኛው ግን ድፍን እንጨት ነው፤ ድፍን ከሆነ ደግሞ የፈለገውን ቢመስል ማን ይከለክለዋል? ጋሽ ነስሩ የታደለን ጊታር ጠግነው መለሱለት፤ ሐሳቡ ግን እሳቸው ጋ ቀረ።

ስለ ማግኔቱ ሬዲዮ ጠጋኙን ጎረቤታችንን ጠይቀው ተማሩ። ማግኔት ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ነቀሉ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ከተቃጠለ ሞተር ፈቱ። የቀረው ሽቦውን በማግኔቱ ዙሪያ ብዙ ጊዜ መጠቅለል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ጋ ገቡ።

«የሽዬ፣ መኪናሽ ክር ታጠነጥናለች አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሽቦስ?»

«ሽቦ ልብስ አይሰፋም።»

«እኔ መች ልብስ አልኩሽ?»

የስፌት መኪናዬ ጎን ላይ ክር የምትጠቀልል ትንሽ መሽከርከሪያ አለች። ማግኔቱን እዚያ ላይ አሰሩትና ሽቦውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ተቀመጡ፤ እኔ በእግሬ እነዳለሁ። ትንሽ ከፈጠንኩ ሽቦው ይበጠሳል። «ቀስ፤ ሕፃን እንደምታስተኚ» ይሉኛል። ሲበጠስም አይቆጡም። «በቃ፣ ይኼኛው መስማት አልፈለገም» ብለው እንደገና ይጀምራሉ። ማግኔቱን «ጆሮ» ነበር የሚሉት። ከዚያ በኋላ ከጭድ ተራ የወጣ የጊታር ጆሮ ሁሉ በእኔ እግር የተጠቀለለ ነው፤ አክስቴ «ልብስ ሰፊ ናት ብዬ ነበር ያመጣኋት» እያለች ታጉረመርም ነበር።

የመጀመሪያው ጊታር የእንሰት ቅጠል ይመስል ነበር፤ ረዥም ሆኖ ጫፉ ዞር ያለ። ሁለተኛው ኮርቻ ነው፤ ተጫዋቹ ቁጭ ብሎ ጭኑ ላይ ሲያስቀምጠው ልክ ይገጥማል። ከተሰበረ የጋሪ ጎማ የሠሩት ክብ ጊታርም ነበር። ሰው መጥቶ «ጋሽ ነስሩ፣ ይኼ ለምን እንደዚህ ሆነ?» ሲላቸው ከእግር እስከ ራሱ ያዩትና «አንተስ ለምን እንደዚህ ሆንክ?» ይሉታል። ሲመቻቸው ደግሞ «ቅርጽ የድምፅ ልብስ ነው። ራቁቱን አይሂድ እንጂ ምን ለበሰ አትበሉኝ» ይላሉ። ሰፈሩ «ነስሩ ሣንቃ» የሚል ስም አወጣላቸው። ሰምተውታል፤ አልከፋቸውም።

ለታደለ የሠሩለት ከአሮጌ አልጋ ራስጌ ነው። ራስጌው ላይ የነበረውን መስታወት ሳያነሱ እንዳለ ተዉት። ታደለ መድረክ ላይ ሲወዛወዝ መስታወቱ መብራቱን እየመለሰ የተመልካቹን ዓይን ይወጋል። በዘፈን መሃልም ጊታሩን ቀና አድርጎ አፍሮውን ያይበታል። ሰው ይህን ለማየት ብቻ ወደ ሆቴሉ ይሄድ ጀመር። ጋሽ ነስሩ የሙዚቀኞች መንደር የሚያውቃቸው ሰው ሆኑ፤ ግማሹ ይስቅባቸዋል፣ ግማሹ ያሠራቸዋል።

ከዚያ የታደለ እጅ ተጎዳ። ባንዱ ከከተማ ውጭ ሊጫወት ሲሄድ ዕቃ በጭነት መኪና ይጭኑ ነበር፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ። ታደለ ድምፅ ማጉያውን ወደ ላይ ሲያቀብል የመኪናው ስፖንዳ አምልጦ ግራ እጁ ላይ ወረደ። ከሁለቱ መሃል ጣቶቹ ጫፍ ጫፋቸው ሄደ። ጊታር የሚጫወት ሰው ግራ እጅ ክሩን የሚጫነው ነው፤ ያለ ጣት ጫፍ አይጫንም። የባንዱ መሪ አዘነ፣ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ጠየቀው፤ ከዚያ ሌላ ጊታር መቺ ቀጠረ።

ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ታደለ ባለመስታወቱን ጊታር ይዞ መጣ። ያን ቀን በሩ ላይ ጎንበስ ሳይል ገብቶ ግንባሩን ተመታ፤ እሱንም ያወቀው አይመስልም።

«ጋሼ፣ ይኼን ለሚጫወት ሰው ይስጡልኝ» አለ።

ጋሽ ነስሩ ጊታሩን አልተቀበሉትም። «እጅህን አምጣ» አሉት። ከዚያ ሜትራቸውን አውጥተው እያንዳንዱን ጣት፣ የተቆረጡትንም ጭምር፣ ልክ እንደ እንጨት ለኩ። የቁስሉን ቦታ ጫን አሉት።

«ያምሃል?»

«ሽቦ ሲነካው ነው የሚያመኝ። በደፈናው ሲጫኑት ደህና ነው።»

«ደህና» አሉና ልኩን ሣንቃው ግድግዳ ላይ በእርሳሳቸው ጻፉ። ታደለ ከሄደ በኋላ ያቺ እርሳስ ከጆሯቸው ወርዳ አፋቸው ውስጥ ዋለች።

መላውን ያገኙት መንገድ ላይ ነው። ከፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ነስሩ በዚያ ሲያልፉ አንዱን ጸሐፊ ቆመው አዩት፤ በሁለት ጣት ብቻ ነበር የሚጽፈው። ተመልሰው መጥተው ግድግዳውን አንኳኩ።

«የሽዬ፣ አንድ ሰውዬ አየሁ። በሁለት ጣቱ አገር ሲያካስስ ይውላል። ታደለ ስምንት ከነነፍሳቸው፣ ሁለት ደግሞ ግማሽ ግማሽ አሉት።»

በማግሥቱ ከምን አለሽ ተራ የተሰባበረ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ገዝተው መጡ። ቁልፎቹን ከነፊደላቸው ነቅለው በአዲስ ጊታር አንገት ላይ ደረደሯቸው። እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ ትንሽ የእንጨት ጥርስ አለው፤ ቁልፉን ሲጫኑት ጥርሱ ወርዶ ክሩን ይጫናል። የታደለ ጣት ሽቦውን አይነካም፤ የሚነካው «ለ»ን ወይም «መ»ን ነው።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ጊታሩ ግን መጀመሪያ ላይ አልሆነም። ታደለ ተቀምጦ ሲሞክረው ከሙዚቃው ይልቅ የቁልፉ ቀጭ ቀጭ ጎልቶ ተሰማ። ጆሮዎቹ እሱንም ይለቅማሉ። የፍርድ ቤቱ ደጃፍ ራሱ እኛ ጋ የመጣ ነበር የሚመስለው። እኔ ሳላስበው ሳቅሁ። ታደለ ጊታሩን ከጭኑ አውርዶ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ይብቃን። ሰው እንዲስቅብኝ አልፈልግም።»

ጋሽ ነስሩ ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ መሮውን ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እኔ ላይ መሳቅ ከጀመሩ ስንት ጊዜያቸው ነው? የሚስቅብህ ሰው ቆሞ ያይሃል፤ ቆሞ ካየህ ይሰማሃል። ያዘነልህ ነው ከንፈሩን መጦ ጥሎህ የሚሄደው። የቱን ነው የምትፈልገው?»

ታደለ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ሳቄ አሳፍሮኝ ወደ ክፍሌ ገባሁና ከካፖርት የተረፈ ወፍራም የሱፍ ቁርጥራጭ ይዤ ተመለስኩ። «በየቁልፉ ሥር ይኼን ብናደርግበትስ?» አልኩ። ጋሽ ነስሩ ሱፉን በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ መንከስ ብቻ ነው የቀራቸው። ከዚያ «የሽዬ፣ መቀስሽን አምጪ» አሉ። ሦስታችንም መሬት ተቀምጠን ሱፍ ስንቆርጥና ስንለጥፍ ዋልን። አክስቴ መጥታ ቆማ አየችንና ምሳችንን እዚያው አመጣችልን።

ታደለ ለብዙ ሳምንት ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ ተለማመደ። በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ፤ መጀመሪያ እንደሚንተባተብ ሰው፣ በኋላ እንደሚያወራ፣ ኋላማ እንደሚያንጎራጉር። ጋሽ ነስሩ ራሳቸው ወደ ሆቴሉ ሄደው የባንዱን መሪ ለመኑልን። መሪው እሑድ ከሰዓት በሚደረገው ጭፈራ ላይ አንድ ዘፈን ፈቀደ።

ዕለቱ ደረሰ። ጋሽ ነስሩ ኮት አልነበራቸውምና ከአንድ ደንበኛ በውሰት አምጥተው እኔ እጅጌውን አሳጠርኩላቸው። ቆባቸውና እርሳሳቸው እንዳሉ ናቸው። ሆቴሉ ስንደርስ የባንዱ መሪ ጊታሩን ገና ያኔ ነው ያየው። አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ፊደሎች ትኩር ብሎ አያቸውና፣

«ይኼ ጊታር ነው ወይስ ማመልከቻ መጻፊያ?» አለ።

«ሁለቱንም ነው» አሉ ጋሽ ነስሩ። «ማመልከቻው ለእርስዎ ነው። ልጁ ወደ ሥራው ይመለስ ነው የሚለው።»

መሪው ሳቁን መያዝ አቃተው። እጁን ወደ መድረኩ ዘርግቶ ታደለን አሳለፈው።

እኔና ጋሽ ነስሩ ከፊት ተቀመጥን። እሳቸው ሎሚናት አዘዙ። ታደለ መድረክ ላይ ሲወጣ ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጡት።

«ምነው ጋሼ?»

«ማየቱንማ አይቼዋለሁ፤ እኔ አይደለሁ የሠራሁት። አሁን ልስማው።»

ሰዉ ጊታሩን ሲያይ ሳቀ፤ አንዱም «ለእኔም አንድ አቤቱታ ጻፍልኝ» አለ። ታደለ አንገቱን ደፍቶ ትዝታ ጀመረ። ሲለማመድ ስንት ጊዜ የሰማሁት ነው፤ ድምፆቹ እንደ ዶቃ ተለያይተው ይወርዳሉ። መሃል ላይ ሲደርስ ግን በተቆረጡት ጣቶቹ ቁልፉን ግማሽ ብቻ ተጭኖ ማርገብገብ ያዘ። ድምፁ እንደ መሰንቆ ተንቀጠቀጠ፤ ሊያለቅስ ብሎ እንደሚተወው ሰው። ይህን ሲለማመድ ሰምቼው አላውቅም። በደህና ጣት ቢሆን ቁልፉ ጠቅ ብሎ ይወርዳል፤ እንዲያ የሚንቀጠቀጠው ጫፍ በሌለው ጣት ብቻ ነው። የሚስቁት ወደ መድረኩ ተጠጉ። ጥንዶች መደነሳቸውን አቁመው ቆሙ።

ጋሽ ነስሩ ሎሚናታቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«የሽዬ፣ ይኼን እኔ አልሠራሁትም» አሉኝ።

መሪው ታደለን መለሰው። «ለፈረንጅ ዘፈን አይሆንም፤ ለእኛ ዘፈን ግን ከእሱ ሌላ ማንም አይነካውም» አለ። ስለዚህ ለፈረንጅ ዘፈኖቹ አዲሱ ልጅ ይጫወታል፤ የአገርኛው ሲደርስ ታደለ ባለፊደሉን ጊታር አንግቶ ይወጣል። በባንዱ ውስጥም አዲስ ቋንቋ ተፈጠረ። ዘፋኙ «ዛሬ ጉሮሮዬ ደህና አይደለም፤ ከ‘መ’ ሳይሆን ከ‘ለ’ ተነሥ» ይለዋል።

ታደለ ግን ፊደሎቹን ለሌላም ነገር አዋላቸው። እኔ በአዳራሹ በር ስገባ በዘፈኑ መሃል «የ»ን እና «ሸ»ን አከታትሎ ይመታል። ለሌላው ሰው ሙዚቃ ነው። እኔ ግን የት የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቁልፎቹን ሱፍ ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። አንድ እሑድ ጋሽ ነስሩም አብረውኝ ነበሩና በመንገድ ላይ ስንመለስ «ያ ልጅ ‘የ’ እና ‘ሸ’ ላይ እጁ ይበዛል። ቁልፎቹ ቶሎ እንዳያልቁ ነገሩን አንድ መላ ብትሉት ይሻላል» አሉኝ። እኛም አልን።

በዚህ መካከል አንድ ሀብታም ነጋዴ መጥቶ የባለመስታወቱን ዓይነት ጊታር በብዛት እንዲሠሩለት ጠየቃቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን አለ። ጋሽ ነስሩ ሻይ አዘዙለት፣ አጫወቱት፣ ሲሄድም እስከ መንገድ ሸኙት። «ምን አሉት?» ስላቸው «ልጆቼ እንኳ እርስ በርስ አይመሳሰሉም፤ እንኳን ሣንቃዬ» ብለው ወደ መጋዛቸው ተመለሱ።

እኔና ታደለ ልንጋባ ስንል ጋሽ ነስሩ «አልጋችሁን ሌላ ሰው እንዳይሠራ» ብለው አስጠነቀቁን። እምቢ አይባልም፤ ግን ፈራን። ታደለ «የእንሰት ቅጠል ቢያመጡብን እንዴት ነው የምንተኛው?» ይላል። አክስቴ ደግሞ «የጋሪ ጎማው ቢሆን ነው የምፈራው፤ ይዟችሁ ይሄዳል» ትላለች።

የተከራየነው ቤት ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲያ ነበር። አልጋውን በሰሌን ጠቅልለው በኩሊ አሸክመው መጡ፤ እሳቸው ከፊት ከፊት እየሄዱ መንገድ ያስለቅቃሉ። ክፍሉ ውስጥ አስገብተው ገጣጠሙትና ሰሌኑን ገፈፉት።

አልጋ ነው። የዋንዛ እንጨት፣ አራት እግር፣ ቀጥ ያለ ራስጌ። ታደለ አንድ ጊዜ ዞረው። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አየ። በእጁ ዳሰሰው።

«ጋሼ፣ ምንም የለውም እኮ» አለ።

«ምን እንዲኖረው ፈልገህ ነው?»

«አይ፣ እኔ እንጃ። የእርስዎ ሥራ አልመስል ብሎኝ ነው።»

ጋሽ ነስሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ግራና ቀኝ ተወዛወዙ፣ ከፍ ብለው ዘፍ አሉበት። ሣንቃውም፣ መጋጠሚያውም፣ እግሩም ሲጥ አላለም። ደስ አላቸው። ተነሥተው ኮላ የነካውን እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«እስከ ዛሬ የሠራሁልህ ሁሉ ሰው እንዲሰማው ነበር» አሉት። «ይኼን ግን ማንም እንዳይሰማው አድርጌ ነው የሠራሁት።»

አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ታደለ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ጋሽ ነስሩ ሰሌናቸውን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አደረጉና «በሉ፣ እንጨት የሚያወርድልኝ ሰው ቀጥሬአለሁ» ብለውን ወጡ።